አላስካ መንደር ውስጥ የማስተማር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከነቤተሰብ ልሂድ ወይስ ብቻዬን?

ኤክስን_ፈልግ · የካቲት 11፣ ማታ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ዓመታት ሳነብ ቆይቼ ገና ዛሬ መጻፌ ነው።

የሒሳብ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ 14 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ባንክ ትሠራለች። ወንዱ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ትንሿ አራት ዓመቷ። እናቴም አብራን ናት፤ ደም ግፊት አለባት እንጂ ሌላው ጤናዋ ደህና ነው።

ከወር በፊት በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ መጣ። አገሩ አሜሪካ ነው። ግን እልል እንዳትሉ፤ አላስካ ነው። አንኮሬጅ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ከአንኮሬጅ ቤቴል የምትባል ከተማ በጄት አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከቤቴል ደግሞ በትንሽዬ አውሮፕላን 40 ደቂቃ። የመኪና መንገድ ብሎ ነገር የለም። መንደሩ ውስጥ 400 ሰው ገደማ አለ፤ ዩፒክ የሚባሉ የአገሬው ተወላጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከ7ኛ በላይ ያለውን ሒሳብ በሙሉ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ደመወዙ በዓመት 61 ሺህ ዶላር። ቤቱ የትምህርት ቤቱ ሆኖ ኪራዩ ከደመወዝ ይቆረጣል። ቪዛው ጄ-ዋን ነው፤ ሦስት ዓመት፣ ከተስማማን ሁለት ይጨመራል። ቤተሰብ ጄ-ቱ በሚባለው ይከተላል።

ባለቤቴ እያመነታች ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ሁላችንም እንሂድ እላለሁ፣ በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ልላክላቸው እላለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቢቀርስ? መልስ የምሰጠው እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። ያለፈበት ሰው ካለ በፈጣሪ ምከሩኝ።

ቡና_ያለ_ስኳር · የካቲት 11፣ ማታ 3:41

400 ሰው? ወንድሜ እኛ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ ከዚያ በላይ ሳንሆን አንቀርም፤ ያውም መንገዱም አይሠራም 😂 ሂድ!

ሲያትል_ዝናብ · የካቲት 11፣ ማታ 5:05

እንኳን ደስ አለህ። ግን 61 ሺሁን በብር አባዝተህ እንዳትተኛ። እዚያ የምትበላው በዶላር ነው።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ጄ-ዋን መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት የፈረንጅ ዓመታት ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የሕክምና መዋጮ) አይቆረጥበትም። አላስካም የራሱ የገቢ ግብር የለውም። አሁን ሌላው። በግብር ሕጉ «ነዋሪ ያልሆነ» ስለምትባል፣ እኛ ግብሩ ሳይሰላ ገና ከመነሻው ከገቢያችን ላይ የሚቀነስልን ገንዘብ ላንተ አይቀነስም። ከሚስትህ ጋር በአንድ ቅጽ ማስታወቅም አትችልም። በእኔ ስሌት ለፌዴራል ብቻ ስምንት ሺህ ገደማ ይሄዳል። ከዚያ ኪራይ አለ። ከዚያ የጤና ኢንሹራንስ አለ። የቪዛው ደንብ ላንተም ለእያንዳንዱ ቤተሰብህም ግዴታ ያደርገዋል፤ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት። ላንተ ቀጣሪው ይከፍል ይሆናል። ለሦስቱ ስንት እንደሚቆርጥብህ ግን በጽሑፍ ጠይቅ። እነዚያ መንደሮች ውስጥ ወተት ጋሎኑ ከ10 ዶላር በላይ ነው። ሁሉም ነገር በአውሮፕላን ነው የሚገባው፤ በበጋቸው ብቻ በጀልባ።

ከሁሉ በላይ ግን ቪዛውን እይ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ብቻ ሆኗል። አንዴ ከገባህ በፕሮግራምህ ልክ ትቆያለህ፤ እሱ ችግር የለውም። ችግሩ ስትወጣ ነው። ክረምት አዲስ አበባ መጥተህ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና ስለት። ስለዚህ «ብቻዬን ሄጄ በየክረምቱ እመጣለሁ» የሚለውን ከአሁኑ ሰርዘው። ብቻህን ከሄድክ ሦስት ዓመት ላታያቸው ትችላለህ።

ጠርጣራው · የካቲት 12፣ ጠዋት 1:10

ለማን ስንት ከፈልክ? እሱን ሳትነግረን ምክር የለም።

ኤክስን_ፈልግ · የካቲት 12፣ ጠዋት 1:32

ለማንም አልከፈልኩም። ቃለ መጠይቁን ያደረጉልኝ ርዕሰ መምህሩና ሁለት መምህራን ናቸው። የቪዛውን ስፖንሰር ድርጅት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ላይ አግኝቼዋለሁ። ክፍያውን ቀጣሪው ይሸፍናል ብለዋል። እኔ እስካሁን ያወጣሁት ዲግሪዬንና ትራንስክሪፕቴን ለማስገምገም ብቻ ነው።

ጠርጣራው · የካቲት 12፣ ጠዋት 1:40

እሺ፣ ደህና። ስፖንሰሩ ለቪዛው የሚሰጥህ ዲኤስ-2019 የሚባለው ወረቀት በእጅህ ሳይገባ ሥራህን እንዳትለቅ። «ፕሮሰስ አደርግልሃለሁ» የሚል ሐበሻ ከመጣ ደግሞ ስልኩን ዝጋ።

ጋሽ_ጠመኔ · የካቲት 12፣ ቀን 6:15

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። በ1972 ስመረቅ እንደ ደንቡ ዕጣ አወጣን። ጓደኞቼ ናዝሬትም ሐረርም ደረሳቸው። ለእኔ ኢታንግ ወጣችልኝ። ያኔ ጋምቤላ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ካርታ ላይ ለማግኘት እንኳ የጂኦግራፊ መምህሩን ጠየቅሁ።

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ሚስቴን ጅማ እናቷ ቤት ትቼ ሄድኩ። ወባው ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ሰዉ ግን ያስተናገደኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዓሣ መብላት ያስተማሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ዓመቱ ሲሞላ ቤቱን አደላድዬ አመጣኋት።

እና ምክሬ ይኸው ነው። መጀመሪያ ወንዱ ሄዶ ይየው። ውኃው እንዴት ነው፣ ሰዉ እንዴት ነው፣ ሐኪም አለ ወይ። ሕፃናት ይዞ ወደማያውቁት አገር ዘው አይባልም።

የሁለት_ልጆች_እናት · የካቲት 12፣ ቀን 8:50

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ እኔ አልስማማም። እርስዎ የተለዩት ሙሽራ ነው። ልጅ አልተለዩም።

ባሌ ዶሃ አምስት ዓመት ሠርቷል። እሱም ያለው «አንድ ዓመት፣ ሁኔታውን አይቼ አመጣችኋለሁ» ነበር። ከዚያ ኪራዩ፣ ከዚያ ደመወዙ ለቤተሰብ ቪዛ አልበቃ አለ፣ ከዚያ «ትንሽ ብናጠራቅም»። ገንዘቡ አልጎደለብንም፣ አልዋሽም። ቤት ሠርተንበታል።

በሦስተኛው ዓመት ለፈቃድ መጣ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። ውኃ አምጪለት አልኳት። ቡፌውን ከፍታ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምናወጣውን ብርጭቆ አወጣች። በትሪ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ሰጠችው። እሱ ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጋሽ_ጠመኔ · የካቲት 12፣ ማታ 1:05

የኔ ልጅ፣ ያልሽው ገብቶኛል። በእኛ ጊዜ ደብዳቤ በወሩ ነበር የሚደርሰው። አሁን ስልክ አለ፣ በየቀኑ ይተያያሉ ብዬ ነበር።

ሲያትል_ዝናብ · የካቲት 12፣ ማታ 1:30

ጋሼ፣ የሰዓቱን ነገር ልንገርዎት፣ በጣም የሚገርም ነው። አላስካና አዲስ አበባ በክረምታቸው ልዩነታቸው ልክ 12 ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓትዎን መንካት አያስፈልግም፤ ቀኑ ሌሊት ይሆናል እንጂ ቁጥሩ ያው ነው። በበጋቸው 11 ይሆናል።

አሁን አስቡት። መምህሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ከክፍል ሲወጣ ልጆቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተኝተዋል። ማታ 2 ሰዓት እራቱን በልቶ ሲደውል ልጆቹ ጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ቤት ገብተዋል። በሥራ ቀን ያለችው ቀዳዳ አንዲት ናት። እሱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፤ እነሱ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ደክሟቸው።

ኩስኮክዊም · የካቲት 12፣ ማታ 4:48

ይህን ክር ያሳየኝ ጓደኛዬ ነው። «ያንተን ታሪክ ሌላ ሰው እየጻፈው ነው» አለኝ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከ2011 ማብቂያ እስከ 2016 ግንቦት፣ አምስት ዓመት፣ ከቤቴል ግማሽ ሰዓት የሚበር መንደር ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር። የሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ ስለነበረብኝ ተመልሼ አሁን ሐዋሳ ነኝ። (ይህ ግዴታ አንተን ይመለከት እንደሆነ ቪዛው ላይ ይጻፋል። ከመፈረምህ በፊት ግን ስፖንሰሩን ጠይቅ፤ «በዚያው ግሪን ካርድ» ብለህ አስበህ ከሆነ ዕቅድህን ያፈርሰዋል።)

ስለ ቅዝቃዜው ብዙ አላወራም። ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል፣ ትለብሳለህ፣ ታልፈዋለህ። ጨለማው ይብሳል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ግን እሱንም ትለምደዋለህ፤ ክፍል ውስጥ መብራት አለ፣ ልጆች አሉ፣ ጫጫታ አለ።

ልጆቹ ዝምተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት «ገብቷችኋል?» እላለሁ፣ ማንም አይመልስም። ተናድጄ አምስት ጊዜ ደገምኩት። ለካ መልሰውልኝ ነበር። እነሱ «አዎ» የሚሉት ቅንድብ በማንሳት ነው። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» እንደምንለው ማለት ነው። «አይ» ሲሉ አፍንጫቸውን ሸብሸብ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ምን ያህል ወሬ እንዳለ ገባኝ።

መስከረም ላይ ወንዶቹ ለአደን ከአባቶቻቸው ጋር ይወጣሉ፣ ሙስ የሚባል ትልቅ አጋዘን አለ። ግማሽ ክፍል ባዶ ሆነብህ ብለህ እንዳትቆጣ። የክረምቱን ቀለብ እያመጡ ነው። አንተም ቤት ይደርሳል፤ እኔ በር ላይ ተሰቅሎ አግኝቻለሁ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ከላይ ደመወዝ፣ ቪዛ፣ ሰዓት ተባለ፤ ሁሉም ልክ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። አንተ ሥራ አለህ። ልጆችህ ክፍል አላቸው። ሚስትህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ምን ታደርጋለች?

እኔ ይህን አላሰብኩም ነበር። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በር እስኪደርስ 40 እርምጃ ነው፤ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቶለታል፣ ምክንያቱም መሬቱ ረግረግ ነው። እኔና ልጄ ጠዋት እንወጣለን፣ ማታ እንገባለን። የመጀመሪያው ኅዳር ላይ አንድ ቀን በሩ ሥር ያለውን የባለቤቴን ቦቲ አየሁት። ምንጣፉ ላይ ከሥሩ የቀለጠው በረዶ ደርቆ ነጭ ክብ ሠርቷል። ከቤት ከወጣሽ ስንት ቀን ሆነሽ ስላት «ዘጠኝ» አለች። እየቆጠረች ነበር። አዲስ አበባ እያለች በትልቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ 20 ሰው ሥሯ ነበር።

የሥራ ፈቃድ ለጄ-ቱ ይፈቀዳል። ማመልከቻው ግን ከገባችሁ በኋላ ነው የሚገባው፣ ወራት ይወስዳል። የእሷ በየካቲት መጣ። በመጋቢት ኮቪድ ትምህርት ቤቱን ዘጋው። መንደሩም አውሮፕላን እንዳይገባ ከለከለ፤ ሽማግሌዎቻቸውን ለማዳን ነው፣ አያቶቻቸው በፈረንጅ በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ያለቁትን አልረሱም። በሚቀጥለው ዓመት ረዳት መምህርት ሆና ተቀጠረች።

ያወጣት ግን ሥራው አልነበረም። የገና በዓል ነው። መንደሩ ውስጥ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሩሲያ አላስካን ስታስተዳድር ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። እነሱም ገናን የሚያከብሩት እንደኛው በጃንዋሪ 7 ነው። ስላቪክ ይሉታል። በወረቀትና በመብራት ያጌጠ ትልቅ ኮከብ እያሽከረከሩ፣ እየዘመሩ፣ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ሳምንት ይፈጃል። ኮከቡ የገባበት ቤት ሁሉንም ያበላል። ባለቤቴ በመስኮት አየቻቸው፤ ነጠላዋን ከላይ ደርባ ወጣች። በየቤቱ አብራ ዞረች። በቁርባን አንገናኝም፣ ያንን ቄሱም እሷም ያውቃሉ። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ሱቅ ስትሄድ በስሟ ነው የሚጠሯት።

ቀድመን ብናስብበት ኖሮ እነዚያ ሦስት ወራት ባልነበሩ ነበር። እሷን ሳትጠይቅ አትፈርም።

ቡና_ያለ_ስኳር · የካቲት 12፣ ማታ 5:02

በሩ ላይ ሥጋ ተሰቅሎ? ሂድ ያልኩህ እኮ ልክ ነበርኩ።

ለማንኛውም ጾም ላይ ነን፣ ይቅርታ።

ኩስኮክዊም · የካቲት 12፣ ማታ 5:10

ጾሙስ አይነሳ 😀 ሲል የሚባል የባሕር እንስሳ ይበላሉ። ዓሣ ነው ሥጋ ነው ብለን ከባለቤቴ ጋር ሁለት ዓመት ተከራክረናል። ሳንወስን ተመለስን።

አንኮሬጅ_10_ዓመት · የካቲት 13፣ ጠዋት 4:20

አንኮሬጅ ነው የምኖረው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማስፈራራቴ አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ሃሎንግ የተባለው ታይፉን (ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ) ቅሪት ያንን ዳርቻ መታው። ኪፕናክና ክዊጊሊንጎክ የሚባሉ መንደሮች ውስጥ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተንሳፈፉ። ከሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወጣ፤ ብዙው ወደዚህ ወደ አንኮሬጅ መጣ። እኛም ብርድ ልብስ አዋጥተናል። ከሥር ያለው የዘላለም በረዶ እየቀለጠ ስለሆነ መሬቱ ዝቅ እያለ ነው። ስለዚህ መንደሩ ባሕር ዳር ነው ወይስ ወደ ውስጥ ወንዝ ላይ? የመምህራኑ ቤት በምሰሶ ላይ ነው? ቤቱ የቧንቧ ውኃ አለው ወይስ ባልዲ ነው? ይህን ርዕሰ መምህሩን አትጠይቅ፤ አሁን እዚያ ያለ መምህር ፈልገህ ጠይቅ። ፊሊፒናውያን ይበዛሉ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አይደብቁህም።

ደግሞ ብዙዎቹ መንደሮች አልኮል በሕግ የተከለከለባቸው ናቸው። ጠላ እጠምቃለሁ ብለህ ጌሾ ይዘህ እንዳትሄድ፤ ቤት ውስጥ መጥመቁም ወንጀል ነው።

በነገራችን ላይ ትንሿ አውሮፕላን ላይ ሻንጣህን ብቻ ሳይሆን አንተንም ነው የሚመዝኑህ።

ኤክስን_ፈልግ · የካቲት 13፣ ማታ 2:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ኩስኮክዊም ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መንደሩ ወንዝ ላይ ነው፣ ከባሕሩ ራቅ ይላል። ውኃው ላይ እጠይቃለሁ።

ባለቤቴ ግን አሁንም እያመነታች ነው። አላስገድዳትም። ምናልባት ቢቀርስ እያልኩ ነው።

እያመነታች_ያለችው · የካቲት 13፣ ማታ 4:30

እያመነታሁ ነው የተባልኩት እኔ ነኝ። ስልኩን ሶፋ ላይ ረስቶት ነው ያየሁት፤ አካውንት ለመክፈት 20 ደቂቃ ፈጀብኝ።

አንድ ነገር ላስተካክል። ሳምንት ሙሉ «አስቢበት» ይለኛል። አስቤ ጨረስኩ። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ማታ «እንሂድ» ብዬዋለሁ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። በማግስቱ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ስድስት ጊዜ ሲጠይቀኝ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ! ማመንታቱ የእሱ ነው። በእኔ ስም ነው ያስመዘገበው።

አልፈርድበትም። 14 ዓመት አንድ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ነው።

እናቱም ትናንት «እኔን ሰበብ እንዳታደርጉ» ብለዋል። ደብረ ብርሃን ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። ከመሄዳችን በፊት ሐኪማቸውን እዚያው ማስያዝ አለብን፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው፣ ጀምሬያለሁ።

አሁን የኔን ጥያቄዎች ልጠይቅ። አቶ ኩስኮክዊም፣ ይቅርታ፣ ለባለቤትዎ ነው የምጠይቀው። ትንሿ ልጄ ቶንሲል አለባት፣ ትኩሳቷ በሌሊት 40 ይገባል። እዚያ ማን ያያታል? ወንዱ ደግሞ የስድስተኛም የስምንተኛም ክፍል ፈተና ያመልጠዋል፤ ስንመለስ አማርኛው ምን ይሆናል? የእርስዎ ልጅ ምን ሆነ? ሦስተኛው፣ እኔ ባንክ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብር መቁጠር ነው የማውቀው። ከዚያ ውጭ እዚያ ምን የምችለው ነገር አለ?

ለጋሽ ጠመኔ፦ አክባሪዎ ነኝ። አባቴም መምህር ነበር፣ መተከል ተመድቦ። እኛን ጎጃም ትቶን ነው የሄደው። ቤቱ ተደላድሎ ሳያልቅ እኔ 12ኛ ክፍል ጨረስኩ።

ጋሽ_ጠመኔ · የካቲት 14፣ ጠዋት 12:40

የኔ ልጅ፣ ተሸንፌያለሁ። ከነልጆችሽ ሂጂ።

የሁለት_ልጆች_እናት · የካቲት 14፣ ጠዋት 2:05

❤️ ስድስት ጊዜ! የኔም እንዲሁ ነው፣ መኪና ሲገዛ።

ኩስኮክዊም · የካቲት 14፣ ማታ 3:37

ባለቤቴ ናት የምትናገረው፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። «እንዳለ ጻፈው፣ እንዳታሳምረው» ብላኛለች።

«እህቴ፣ መንደሩ ክሊኒክ አለው፤ ሐኪም የለውም። የጤና ረዳት የምትባል የመንደሩ ሴት አለች፣ ሠልጥና ነው፣ ቤቴል ካለው ሆስፒታል ጋር በስልክና በቪዲዮ ትገናኛለች። የቶንሲል መድኃኒት አለ። ልጄ አንድ ሌሊት እንደዚያው ተቃጠለብኝ። ንፋስ ስለነበር አውሮፕላን አይነሳም። ያቺ ሴት የራሷን ልጅ አስተኝታ መጣች። በየሰዓቱ እየለካን አብረን ነጋልን። ጠዋት ሻይ አፈላሁላት። ይህቺን ሌሊት እችላለሁ ካልሽ ሂጂ፣ አልችልም ካልሽ አትሂጂ፤ ማንም አይፈርድብሽም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለመውለድ ካሰብሽ ደግሞ እወቂው፤ ከመውለጃሽ ሳምንታት በፊት ቤቴል ሄደሽ ነው የምትጠብቂው። ጥርሳችሁን ሁላችሁም እዚሁ አስጨርሱ። ለእኔ የጥርስ ሕመም ነው የከበደኝ።

«አማርኛውን በተመለከተ፣ እኔ ተበልጫለሁ። ማውራቱ አልጠፋም፣ ቤት ውስጥ እናወራለን። ማንበቡ ግን ጠፋ። በ12 ዓመቱ ስንመለስ ሰባተኛ ክፍል ገባ፣ ሲያነብ ግን እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ በጣቱ እየነካ ነበር። ዓመት ሙሉ አስጠኚ ቀጠርን። ከአሁኑ የአማርኛና የአካባቢ ሳይንስ መጻሕፍቱን ይዛችሁ ሂዱ። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አልቅሶም ቢሆን። ከትምህርት ቤቱ ስትወጡ የውጤት ወረቀቱን ማኅተም አስመቱ፤ እዚህ ስትመለሱ አቻ ግምት ይጠይቋችኋል።

«ብር መቁጠር ነው የማውቀው ያልሽው አሳቀኝ። እዚያ ትምህርት ቤት ምሳ ቤቱም፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታው ትኬትም፣ የተማሪዎች ሱቅም ሒሳብ ያዥ የለውም። የሥራ ፈቃድሽ እስኪመጣ ግን ያለ ክፍያም ቢሆን ለመሥራት እሺ አትበይ፤ መጀመሪያ ስፖንሰሩን ጠይቂ። እኔ ባላውቅ ኩሽና ልረዳ ገብቼ ርዕሰ መምህሯ ናት ያስጠነቀቀችኝ። እስከዚያ የሚከለክልሽ የሌለው፣ ቤተ ክርስቲያንና የሰው ቤት ነው። ዓሣ ሲዘለዝሉ ሂጂና ተቀመጪ። ቢላዋ ይሰጡሻል። ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ነው፤ እኔ ለሽንኩርት ሌላ አልጠቀምም አሁን።»

እዚህ ላይ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

ሲያትል_ዝናብ · የካቲት 14፣ ማታ 4:02

ለእቃ ዝግጅት፦ የአዲስ አበባ ምጣድ እንዳትይዙ። እሱ 220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ 120። ተሰክቶ ለብ ይላል እንጂ አይጋግርም። እዚህ ያለን ሰዎች ኖርዌጂያኖች ቂጣ የሚጋግሩበትን ክብ ምጣድ ነው የምንጠቀመው፤ በፖስታ ይላካል። በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ግቡ፣ ጉምሩክ ላይ ግን አሳውቁ። ጤፍ ከዚሁ ከአሜሪካ ይገዛል።

እያመነታች_ያለችው · የካቲት 15፣ ጠዋት 3:55

እህቴን በጣም አመሰግናለሁ። ሌሊቷን አሰብኳት። እችላታለሁ።

ዛሬ ጠዋት አብረን ለቀጣሪው ደብዳቤ ጻፍን። የቤቱን ፎቶ፣ የቤተሰብ ኢንሹራንሱን ቁጥር፣ ውኃውን፣ አሁን እዚያ ያለች መምህርት ስልክ ጠየቅን። ስሜ ሁለተኛ መስመር ላይ ተጽፏል። የተመለሰልንን እነግራችኋለሁ። ካልመለሱልንም እነግራችኋለሁ።

ኤክስን_ፈልግ · የካቲት 15፣ ጠዋት 4:10

እርግጠኛ ናት 😅

ኩስኮክዊም · የካቲት 15፣ ቀን 7:25

ባለቤቴ የልጆቹን የእግር ቁጥር ላኩልን ትላለች። ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ጥንድ የበረዶ ቦቲ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። እዚህ ማን ይገዛዋል?